ልጄ መጥረቢያ በያዘች ሕፃን ለምን ትስቃለች?

ጥያቄው፦ «የ17 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ትንሽ ሳለች ተረት ካልነገርኳት አትተኛም ነበር። አሁን የምታነበውን ኮሚክ ገልጬ ሳየው ደነገጥኩ። አረንጓዴ ጸጉር ያላት ሕፃን መጥረቢያ ይዛ የተረት ፍጥረታትን ትፈጃለች። ገጹ ሁሉ ደም ነው። ልጄ ግን እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። የ8 ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ ሽፋኑ አምሮት ‹ለእኔም ስጪኝ› እያለ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ምኑ ይጥመዋል? ልሥጋ ወይስ ልተወው?»

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ትልቋ ልጅዎ አይሥጉ። ስለ ትንሹ ግን ልክ ነዎት፤ መጽሐፉ ለእሱ አይሆንም። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን «ምኑ ይጥማል?» ላሉት በደንብ ልመልስልዎ። ኮሚክ አስተምራለሁ፤ ይህን ጥያቄ ከወላጆች ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ «የዛሬ ልጆች ደም ይወዳሉ» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ደም ብቻ የሚፈልግ ሰው ተረት ውስጥ አይገባም፤ ደም የሞላበት ሌላ ኮሚክ በሽ ነው።

ከገለጻዎ እንደተረዳሁት ልጅዎ የያዘችው «አይ ሄት ፌሪላንድ» («የተረት ዓለምን እጠላለሁ» እንደ ማለት ነው) የተባለውን ነው። ደራሲውና ሠዓሊው አሜሪካዊው ስኮቲ ያንግ ነው። ኢሜጅ ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ ይህን ኮሚክ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። ታሪኩ ሲጀምር ገርትሩድ የምትባል ትንሽ ልጅ ወደ አስማት ዓለም መሄድ ትመኛለች። ምኞቷ ይሰምራል። የፌሪላንድ ንግሥት ክላውዲያ ትቀበላታለች። ወደ ቤቷ የሚመልሳትን ቁልፍ ፈልጊ ትባላለች። ላሪ የሚባል ዝንብ መንገድ መሪ ይሆንላታል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም የምናውቀው ተረት ነው። ልጅቷ ትንሽ ትቸገራለች፣ ቁልፉን ታገኛለች፣ እናቷ ጉያ ውስጥ ትነቃለች ብለን እንጠብቃለን።

ከዚያ ገጽ ሲገልጡ ወደ 30 ዓመት ገደማ አልፏል። ቁልፉ አልተገኘም። የገርትሩድ ሰውነት አላደገም። ያው ቀሚስ፣ ያው ጥምዝምዝ ጸጉር፣ ያው ሙሉ ጉንጭ። ውስጧ ግን ሠላሳን የተሻገረች፣ ምርር ያላት ሴት አለች። ተስፋ አስቆራጭ ነገር ነው። ግን ደግሞ ያስቃል፤ የሚያስቀው ፊቷ ላይ ያለው ድካም የሕፃን ፊት ላይ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያው እትም ላይ ታሪኩን የምትተርክልን ጨረቃ ናት። በዚያ በለሰለሰ፣ ሁሉም ነገር ደህና ይሆናል በሚል የተራኪ አነጋገር ትተርካለች። ገርትሩድ ትሰማታለች። በመድፍ ተኩሳ ትገድላታለች። ልጅዎ እዚህ ገጽ ላይ ሳቋን መቆጣጠር ቢያቅታት አልፈርድባትም። የተመታችው ጨረቃ ብቻ አይደለችም። «አይዞሽ፣ መጨረሻው ያምራል» የሚለው ድምፅ ነው የተመታው። ያ ድምፅ 30 ዓመት ሙሉ ዋሽቷል። እርስዎስ አንድ ነገር ለዓመታት ተስፋ አድርገው ሳይሆን ሲቀር፣ «ሁሉም ለበጎ ነው» የሚል ሰው አጠገብዎ ቢቀመጥ ምን ይሰማዎታል? የ17 ዓመት ልጅም ይህን ስሜት ታውቀዋለች። ጎበዝ ሁኚ፣ ጨዋ ሁኚ፣ ሁሉም ይሳካል ተብላ ነው ያደገችው። አሁን ዓለም እንደዚያ እንደማይሠራ ማየት የጀመረችበት ዕድሜ ላይ ናት።

የነዚህ ኮሚኮች ማራኪነት በእኔ እምነት ይህ ነው። ተረት አንድ ቃል ይገባልናል፤ ደግ ከሆንክ ትሸለማለህ ይላል። ጥቁር ቀልድ፣ ማለትም በሞትና በጭካኔ የሚቀልድ ቀልድ፣ ያለበት ኮሚክ ያንን ቃል በቁም ነገር ወስዶ «እሺ፣ ባይፈጸምስ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በሳቅ ያደርገዋል፤ በለቅሶ ቢሆን ማንም አይጨርሰውም።

ይህን ለመጻፍ ደግሞ ተረቱን መውደድ ያስፈልጋል። ስኮቲ ያንግ ገርትሩድን ከመፍጠሩ በፊት ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ለዓመታት ከጸሐፊው ኤሪክ ሻናወር ጋር የፍራንክ ባውምን የኦዝ መጻሕፍት ለአሳታሚው ማርቨል በኮሚክ ሲሠራ ኖሯል። በ2010 ለዚያ ሥራ አይስነር የተባለውን ትልቅ የኮሚክ ሽልማት አግኝተዋል። የመጀመሪያው የኦዝ መጽሐፍ በ1900 የወጣ ሲሆን ስለ ዶሮቲ ነው፤ ባልታወቀ አስማተኛ አገር ወድቃ ወደ ቤቷ መመለስ ስለምትፈልግ ልጅ። አዩት? ገርትሩድ መንገዱ ያልተሳካላት ዶሮቲ ናት። ሰውየው ዶሮቲ የምትሄድበትን የቢጫ ጡብ መንገድ ለዓመታት ሲሥል ከኖረ በኋላ ነው መንገዱ መጨረሻ ባይኖረው ብሎ ያሰበው። ተረትን የሚንቅ ሰው እንዲህ አድርጎ መጻፍ አይችልም። ልጅዎም ማታ ማታ የነገሯትን ተረት ሁሉ ባታውቅ ኖሮ ቀልዱ አይገባትም ነበር። ሕጉን የማያውቅ ሰው ሕጉ ሲፈርስ አይስቅም።

«ግን ተረትን ለምን ያበላሹታል?» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ተረት ከመጀመሪያው ንጹሕና ጣፋጭ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ባሳተመው የቀይ ኮፍያዋ ልጅ ተረት ተኩላው ልጅቷን ይበላታል፤ ተረቱም እዚያው ያልቃል። የሚያድናት አዳኝ የለም። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባወጡት የመጀመሪያ እትም ስኖው ዋይትን ማስገደል የምትፈልገው የገዛ እናቷ ናት። እንጀራ እናት ያደረጓት በኋላ ነው፤ እናት እንዲህ ማድረጓ ስለከበዳቸው። መጨረሻው ላይ ንግሥቲቱ እሳት ላይ የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ትጨፍራለች። በእነሱ ሲንድሬላ ደግሞ ጫማው እንዲገባቸው አንዷ እኅት ጣቷን፣ ሌላዋ ተረከዟን ትቆርጣለች። ዲዝኒ በ1937 ስኖው ዋይትን ወደ ፊልም ሲያመጣት የጋለው ጫማ ቀረ። እኛ የምናውቀው ያንን የታጠበውን ነው። ስለዚህ የዛሬዎቹ ኮሚኮች ተረት ውስጥ ጭካኔ አላስገቡም። የወጣውን መልሰው አገቡት፤ ሳቅ ደግሞ ጨመሩበት።

የእኛም ተረት ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ኃጢአታቸውን ሲናዘዙ የሚለውን ያስታውሱ። አንበሳው በሬ በላሁ ይላል፤ «ይህማ ምን ኃጢአት አለው» ይሉታል። ነብሩም ፍየል፣ ጅቡም ያገኘውን ይናገራል፤ ሁሉም ይማራሉ። አህያ ተራው ሲደርስ መንገድ ዳር ትንሽ ሣር ነጨሁ ይላል። «ለካ ጥፋተኛው አንተ ነህ!» ብለው ይበሉታል። በቃ። ፍትሕ የለ፣ ማጽናኛ የለ። ሕፃናት ሆነን ስቀንበታል። አህያው ስለተበላ አይደለም የሳቅነው። ሁላችንም እንዲህ ዓይነት ጉባኤ አይተን ስለምናውቅ ነው። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው አባባልም ከዚሁ ወገን ነው። ልጅዎ የምታነበው ኮሚክ የውጭ ልብስ ለብሷል እንጂ ለጆሮዋ አዲስ አይደለም።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልምጣ፤ ይህ ነገር በልብ ወለድ ሳይሆን በኮሚክ በደንብ የሚሠራበት ምክንያት አለው። የኮሚክ ሠዓሊው ስኮት መክላውድ በ1993 ባሳተመው ኮሚክ እንዴት እንደሚሠራ በሚያስረዳ መጽሐፉ አንድ ምሳሌ ያሳያል። በአንደኛው ሳጥን አንድ ሰው መጥረቢያ አንስቶ ሌላውን ሊመታው ይሮጣል። በሚቀጥለው ሳጥን የሌሊት ከተማ ብቻ ይታያል፤ ጩኸት ይሰማል። ግድያው አልተሣለም። ግድያውን የፈጸመው በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ባለው ነጭ ክፍተት ውስጥ የአንባቢው ሐሳብ ነው። ጥሩ የጥቁር ቀልድ ሠዓሊ ይህን ክፍተት እንደ ፈለገው ይጫወትበታል። ጨካኙን ነገር እንዲያስቡት ያደርግዎትና በሚቀጥለው ሳጥን ፈጽሞ ያልጠበቁትን ያሳይዎታል። ፊልም ላይ ጊዜው የዳይሬክተሩ ነው። ኮሚክ ላይ ገጹን የሚገልጡት እርስዎ ነዎት፤ እና ያ እጅዎ የቀልዱ ተባባሪ ይሆናል።

ያንግ ላይ ደግሞ ቀለሙ አለ። ቀለም ቀቢው ዣን ፍራንሷ ቦልዩ ነው። ደም በተረጨበት ገጽ ሳይቀር ሮዝ፣ ሰማያዊና ቢጫ ከረሜላ የመሰለ ቀለም ነው የሚጠቀመው። ዓይንዎ «የልጆች መጽሐፍ ነው» ይላል፤ አእምሮዎ «ኧረ ምን እየሆነ ነው?» ይላል። ሁለቱ ሲጋጩ ሳቅ ይወጣል። ይህን በጥናት የያዙት ሰዎችም አሉ። ፒተር ማግሮውና ኬለብ ዋረን በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ ሰው የሚስቀው አንድ ነገር «ይሄ ልክ አይደለም» እና «ምንም ችግር የለውም» የሚሉ ሁለት ስሜቶችን አንድ ላይ ሲያመጣበት ነው ብለዋል። አንዱ ከጎደለ ሳቁ ይጠፋል። ጣፋጭ ቀለሙ «ችግር የለውም» የሚለውን ይይዛል፤ መጥረቢያው ሌላውን። ያው ታሪክ በጥቁርና ግራጫ፣ እውነተኛ ሰው በመሰለ ሥዕል ቢሠራ ልጅዎ አትስቅም ነበር። ትዘጋው ነበር።

የሕጉንም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ንግሥት ክላውዲያ ገርትሩድ መሞቷን ከሁሉም በላይ ትመኛለች፤ ግን የፌሪላንድ ሕግ እንግዳን እንድትገድል አይፈቅድላትም። ስለዚህ ሃፒ የምትባል ሌላ ደስተኛ ልጅ ታስመጣለች። ሃፒ ቁልፉን ቀድማ ካገኘች ገርትሩድ የእንግድነት ከለላዋ ይነሣል። ይህ ተረት ነው ወይስ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ? ከፈገግታው ጀርባ ያለው ዓለም ደንብ ያለው፣ ፋይል የሚከፍት፣ ምሕረት የሌለው ነው። እኔ በግሌ ከደሙ ይልቅ የሚያስቀኝ ይሄኛው ነው።

ልጅዎ ይህን ከወደደች ሌላም ታገኛለች። የቢል ዊሊንግሃም «ፌብልስ» ከ2002 እስከ 2015 በ150 እትሞች ወጥቷል። እዚያ የተረት ሰዎች ከአገራቸው በጦርነት ተባርረው ኒው ዮርክ ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ። ስኖው ዋይት የአስተዳደር ሥራ ትሠራለች። ክፉው ተኩላ የቀድሞ ወንጀሉ በምሕረት ተሰርዞለት የጸጥታ ኃላፊ ሆኗል። በጣም የምወደው ግን የመልከ መልካሙን ልዑል ነገር ነው። ስኖው ዋይትን ያገባው፣ የተኛችውን ቆንጆ ያገባው፣ ሲንድሬላን ያገባው ልዑል አንድ ሰው ነው! ሦስት የተፈታ ትዳር። ኪሱ ባዶ ሆኖ ማዕረጉን ሊሸጥ ይዞራል። ተረቶቹን አንድ በአንድ ስንሰማ ማናችንም ይህን አልጠየቅንም፤ ደራሲው አንድ ላይ ሲያስቀምጣቸው ግን ሳቁ ራሱ ይመጣል።

ውጭ አገር የኖረ ሐበሻ ደግሞ እዚህ ላይ ሌላ ነገር ያያል። በአገሩ ትልቅ ሰው የነበረ፣ ስሙ ሲጠራ የሚነሡለት፣ ዛሬ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ሆኖ ያለፈውን ማዕረግ የሚቆጥር ሰው። እንዲህ ያለ ሽማግሌ የማያውቅ ቤተሰብ ዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ አይመስለኝም። «ፌብልስ» ላይ ያሉት ነገሥታት ይህንን ሕይወት ይኖራሉ። ያስቃሉ፤ ግን ሆድም ያባባሉ።

ሁሉም ግን ሳቅ ብቻ አይደለም፤ ይህን ማወቅዎ ጥሩ ነው። በፋቢየን ቬልማንና ኬራስኮኤት በሚባሉት ሠዓሊ ጥንዶች የተሠራ በ2009 የወጣ የፈረንሳይኛ ኮሚክ አለ፤ በእንግሊዝኛ «ቢውቲፉል ዳርክነስ» በሚል ርዕስ በ2014 ወጥቷል። ሲከፍቱት ኦሮር የምትባል ደቃቃ ልጅ ከምትወደው ልዑል ጋር ሻይ ለመጠጣት ተቀምጣለች። ድንገት ጣሪያው መቅለጥና መፍረስ ይጀምራል። ሁሉም እየሮጡ ይወጣሉ። ወጥተው ስናይ የነበሩበት ቤት ጫካ ውስጥ የወደቀ የአንዲት ልጅ አስከሬን ነው። ትንንሾቹ ፍጥረታት በዙሪያው መኖር ይጀምራሉ፤ ሥዕሉ የጠራ፣ የተዋበ የውኃ ቀለም ነው፤ ግን ገጽ በገለጡ ቁጥር ደግነታቸው ይሟሟል። ልጅቷ እንዴት እንደሞተች ማንም አይነግረንም። ይህን ሥራ እጅግ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ሳቁ እየደበዘዘ ሄዶ የሚቀረው ቅዝቃዜ ነው። ልጅዎ ካመጣችው አብረው ያንብቡት፤ ብቻዋን ይዛው እንዳትቀመጥ።

ደካማ የሆኑም ብዙ አሉ። ምልክታቸው ቀላል ነው፤ ጀግናዋን በማንኛዋም ሌላ ገዳይ ቢቀይሯት ታሪኩ ላይ ምንም አይጎድልም። ተረቱ ለመልክ ብቻ ነው የገባው። ገርትሩድ ግን ከፌሪላንድ ውጭ ትርጉም የላትም። ቁጣዋ ያንን ዓለም ያመነች ልጅ ቁጣ ነው። ራሷም ንጹሕ አይደለችም፤ የበደሏትን ብቻ ሳይሆን ምንም ያላደረጓትን ትፈጃለች፣ መጽሐፉም ዋጋ ያስከፍላታል። እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቀልዱ ማንን እየመታ እንደሆነ እዩ። የተታለለውን ነው ወይስ አታላዩን?

ለልጅዎ አንድ ነገር ይጠይቋት። «ይሄ ምኑ ያስቃል?» ብለው አይጀምሩ፤ ጥፋት የተገኘባት ይመስላታል። ይልቅ «በጣም ያሳቀሽን ገጽ አሳዪኝ» ይበሏት። ከጎኗ ቁጭ ብለው ይዩት። ከዚያ «ገርትሩድ ትክክል ናት?» ይበሏት። አብዛኞቹ ወጣቶች ቶሎ «አይ፣ እሷማ አብዳለች» ብለው ይጀምሩና ከዚያ ስለ እሷ ሲከራከሩላት ያገኟቸዋል። እዚያ ውስጥ ስለ ራሳቸውም ብዙ ይናገራሉ። የሚያሳስበው ኮሚኩ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ ልጅዎ እውነተኛ ሰው ወይም እንስሳ ሲጎዳ የምትስቅ ከሆነ፣ ወይም ከሰው ርቃ ምንም ነገር ደስ የማይላት ከሆነ። ያኔ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። ከደብዳቤዎ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ያየሁት ስትስቅ እናቷ የምትሰማትን ልጅ ነው።

ወደ ትንሹ ልጅዎ ልመለስ። መጽሐፉ ለአዋቂ አንባቢ የተሠራ ነው፤ ሽፋኑ ግን የሕፃን መጽሐፍ ይመስላል፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ከልጆች መደርደሪያ ሊገኝ ይችላል። የ8 ዓመት ልጅ ተረቱ የገባለትን ቃል ገና በሙሉ ልቡ የሚያምንበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀልዱ አይሠራለትም፤ የሚቀርለት ፍርሃቱ ብቻ ነው። ለእኅቱ መጽሐፉን ከፍ ካለ ቦታ እንድታስቀምጥ ይንገሯት፤ እምነት ስለተጣለባት ደስ ይላታል። እሱን ደግሞ «ትንሽ ነህ» ብለው አይመልሱት። የወደደው ሥዕሉን ነው፤ ዓይኑም ጥሩ ነው። ያው ሠዓሊ፣ ስኮቲ ያንግ፣ ከሻናወር ጋር የሠራቸው የኦዝ ኮሚኮች ስድስት ተከታታይ ታሪኮች ናቸው። ሥዕሉ ያው የሚወደው ነው፤ ታሪኩም ለእሱ ዕድሜ የሚሆን ነው። ከመጀመሪያው ይጀምሩለት። ማታ ማታ አንድ ክፍል እያነበቡለት ቢሄዱ፣ እኅቱም ከጎን ተቀምጣ የምትሰማ ይመስለኛል።